ሁለት እድር፣ አንድ ድንኳን

እንግሊዝኛ አንድ ቃል አነሰውና ሰዎቹ ለዓመታት ተጨቃጨቁበት። «ፍሪ ሶፍትዌር» ሲባል ነጻ ነው ወይስ በነጻ? ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑ ፕሮጀክትን ካወጀ ወዲህ በየሄደበት የሚያስረዳው ይህንኑ ነው፤ የማወራው ስለ ነጻነት እንጂ ስለ ዋጋ አይደለም እያለ። እኛ በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን። ነጻ ሌላ፣ በነጻ ሌላ። አንዲት «በ» ትለያቸዋለች።

የእኛ ችግር ከዚያ በኋላ ይመጣል። በነጻ ያገኘነው ነገር ሁሉ ነጻ ይመስለናል። «ከኢንተርኔት ነው ያወረድኩት» ካልን ወሬው አለቀ። ኮዱ ጊትሀብ ላይ ተቀምጧል፣ ማንም ያየዋል፣ አልተቆለፈም፤ በቃ፣ የሁላችን ነው። ሕጉ ግን እንደዚያ አይልም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ይጠብቀዋል። ጥበቃውን ለማግኘት ማስመዝገብ እንኳን አያስፈልግም፤ ኮዱ ከተጻፈበት ሰዓት ጀምሮ የጻፈው ሰው ነው። ስለዚህ ምንም ፈቃድ ያልተያያዘበት ኮድ፣ የፈለገ ቢታይ፣ ዝግ ኮድ ነው። ክፍት የሚያደርገው ባለቤቱ አብሮት የሚያስቀምጠው አንድ ፋይል ነው፤ ላይሰንስ።

ላይሰንስ በቀላሉ ቃል ኪዳን ነው። «ይህን ከጠበቅሽ ያንን ውሰጂ» ይላል። አንዱን ቃል ኪዳን መጠበቅ አያስቸግርም። ራስ የሚያዞረው ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጠበቅ ሲያስፈልግ ነው። ሁለቱም ለጋስ የሆኑ፣ ሁለቱም ኦፕን ሶርስ የሚባሉ፣ ግን አንድ ፕሮግራም ውስጥ አብረው መኖር የማይችሉ ላይሰንሶች አሉ። ነገሩን በመጽሐፍ ደረጃ አውቀው ነበር። የገባኝ ግን ለአንድ የካዛንቺስ እድር አፕ ስንሠራ ነው።

* * *

ካዛንቺስ ስሟ ራሱ ውሰት ነው። ጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራው ተቋማቸው በምህጻረ ቃል «ኢንቺስ» ይባል ነበር፤ ቤቶቹም «ካዛ ኢንቺስ» ተባሉ። ጣልያን ሄደ፣ ቃሉ ቀረ፣ እኛም በአፋችን ልክ አድርገን ካዛንቺስ አልነው። ፈቃድ የጠየቀ የለም።

በ2017 ጥቅምት ላይ የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ የድሮው ሰፈር አብዛኛው ፈረሰ። ሰዉ ወደ ገላን ጉራም፣ ወደ ሌላም ሄደ። የእኛ ቢሮ ኡራኤል አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ያለች ሁለት ክፍል ስለሆነች ተረፈች፤ ከመስኮቱ የሚታየው ግን ሌላ አገር ሆነ። ቤት ሲፈርስ እድር አብሮ አይፈርስም። ይበተናል እንጂ። በፊት ጡሩምባ ነፊው ሦስት ቅያስ ዞሮ «ዛሬ ቀብር አለ» ሲል ሁሉም ይሰማ ነበር። አሁን አባሉ ከከተማው ጫፍ እስከ ጫፍ ተበትኗል፤ ውጭ አገር ሆነው በየወሩ መዋጮ የሚልኩም አሉ። የእድሩ ሰዎች የፈለጉት አፕ ቀላል ነው። መዋጮ የሚመዘግብ፣ መርዶ የሚያደርስ፣ ደረሰኝ የሚያትም፣ ስም የሚፈልግ።

ወጪውን የሸፈነልን አንድ ስሙን የማልጠራው ድጋፍ ሰጪ ነበር። ከመጨረሻው ክፍያ በፊት አንድ ሰንጠረዥ ሞልታችሁ አምጡ አለን። አፑ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የሌላ ሰው ሥራ፣ ከየት እንደመጣ፣ በምን ላይሰንስ እንደመጣ። እኛ ሦስት ነን። ሦስታችን የጻፍነው ኮድ አለ፤ ከሌላ ሰው የወሰድነው ደግሞ ቆጥረን ቆጥረን 41 ደረሰ። ባልደረባዬ ሰንጠረዡን አይቶ «ይሄ ለፈረንጅ ወረቀት ነው፣ ሁሉንም ኦፕን ሶርስ ብለሽ ሙዪው» አለኝ። እኔ ግን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። በአዋጁ መሠረት በውል ሌላ ነገር ካልተስማሙ በስተቀር በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤቱ ያዘዘው ነው። ስለዚህ አፑ የእድሩ ነው። እድሩ በስሙ የሚያወጣው ነገር ውስጥ የማን ቃል ኪዳን እንዳለ ማወቅ አለበት።

* * *

እስቲ በአጭሩ ላስረዳ፤ ሕግ ተማሪ መሆን አያስፈልግም።

የመጀመሪያዎቹ ላይሰንሶች ቸልተኛ ዘመድ ይመስላሉ። ኤምአይቲ እና ቢኤስዲ የሚባሉት «ውሰጂ፣ ቀይሪ፣ ሽጪ፣ ስሜን ብቻ አታጥፊ» ነው የሚሉት። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው አፓቺ 2.0 የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ ግን ስለ ፓተንት አንድ አንቀጽ ጨምሯል። በፓተንት ክስ የመሠረተብን ሰው የፓተንት ፈቃዱን ያጣል ይላል። የአንድሮይድ አፕ የሠራ ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ አፓቺን በእጁ ነክቶታል።

ሁለተኛው ቤተሰብ ጂፒኤል ነው። የስቶልማን ልጅ። የመጀመሪያው እትም በ1989፣ ሁለተኛው በ1991፣ ሦስተኛው በ2007 ወጣ። እሱ የሚለው «ውሰጂ፣ ቀይሪ፣ ሽጪም፤ ግን አሻሽለሽ ለሌላ ሰው ስትሰጪ እኔ እንደሰጠሁሽ አድርገሽ ስጪ» ነው። ኮዱን መደበቅ የለም። ከዚህ በላይ ተጨማሪ ገደብ መጨመርም የለም።

ችግሩ የሚወለደው እዚህች የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ጂፒኤል 2 «ተጨማሪ ገደብ አትጨምሪ» ይላል። የአፓቺ የፓተንት አንቀጽ ደግሞ ጂፒኤል 2 ውስጥ የሌለ ገደብ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቀላቅለሽ አንድ ፕሮግራም አድርገሽ ብታወጪ፣ አንዱን ቃል ስትጠብቂ ሌላውን ታፈርሺያለሽ። ጂፒኤል 3 ሲጻፍ ይሄ ታስቦበት በር ተከፈተለት፤ የአፓቺ ኮድ ጂፒኤል 3 ውስጥ መግባት ይችላል። መግባት ብቻ ነው እንጂ መውጣት አይችልም። ቀበና አቃቂ ይገባል፣ አቃቂ አዋሽ ይገባል፤ ወደ ላይ የሚፈስ የለም። ላይሰንሶችም እንደዚሁ ናቸው። ከኤምአይቲ ወደ አፓቺ፣ ከአፓቺ ወደ ጂፒኤል 3 ይወርዳል። ሰዎች «ይስማማሉ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ አሁን መልሼ የምጠይቃቸው «ከየት ወደ የት?» ብዬ ነው።

ከ41ዱ አንዷ ለትንሿ የብሉቱዝ ማተሚያ ደረሰኝ የምትልክ ኮድ ነበረች። ጥሩ ኮድ፣ ንጹህ ኮድ። ፋይሏ አናት ላይ ግን «ጂፒኤል እትም 2 ብቻ» ይላል። ብዙ ሰው «እትም 2 ወይም ከዚያ በኋላ የሚወጣ» ብሎ ይጽፋል፤ እንደዚያ ቢል በእትም 3 ወስደን እንገላገል ነበር። «ብቻ» የምትለዋ ቃል ዘጋችው። የሊነክስ ከርነልም በ2 ብቻ ነው ያለው፤ ሰውየው ሳያስብበት የጻፈው ነው ልል አልችልም። ኢሜይል ላክንለት፣ መልስ የለም። ያቺን ክፍል ከባዶ ተነስተን ራሳችን ጻፍናት። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ባልደረባዬ ለዘጠኝ ቀን አኮረፈኝ።

ይሄ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ቪኤልሲ ያልተጫነበት ኮምፒውተር ይኖራል? ያቺ ብርቱካናማ የመንገድ ምልክት? እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ ቪኤልሲ ከአይፎን መደብር ወጣ። ከራሱ ከቪኤልሲ ጸሐፊዎች አንዱ ጂፒኤልና የአፕል መደብር ደንብ አብረው አይሄዱም ብሎ አመልክቶ ነው። መደብሩ በተጠቃሚው ላይ የሚጥለው ገደብ ጂፒኤል የማይፈቅደው ነው። ከዚያ ምን አደረጉ? ኮድ የጻፈውን ሰው እየፈለጉ «ላይሰንሱን እንድንቀይር ትፈቅዳለህ ወይ?» ብለው ጠየቁ። አፑ የተመለሰው በ2013 ነው። በዚህ ምክንያት እኛም ውጭ ላሉት የእድሩ አባላት የአይፎን አፕ ትተን ተራ ዌብሳይት ሠራንላቸው።

* * *

አሁን ወደ ፎንቱ ልምጣ፤ የእድሩን ዳኛ እዚህ ላይ ነው ያነጋገርኳቸው።

ሽማግሌዎቹ ደረሰኙ የድሮውን የእድር ደረሰኝ እንዲመስል ፈለጉ። ፊደሉ ከአንዱ ፎንት ደስ አላቸው፣ የግዕዝ ቁጥሩ ደግሞ ከሌላው። የፊደሉ ፎንት በኦኤፍኤል የወጣ ነው፤ ለፎንት ተብሎ የተጻፈ ላይሰንስ ነው፣ አሁን የምንሠራበት እትም እ.ኤ.አ. የ2007 ነው። የቁጥሩ ፎንት ጂፒኤል ነው። ሁለቱም ነጻ፣ ሁለቱም በነጻ። ቁጥሮቹን ከአንዱ ቆርጦ ሌላው ውስጥ መለጠፍ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ግን ኦኤፍኤል «ከእኔ የተወለደ ፎንት በእኔ ላይሰንስ ብቻ ይውጣ» ይላል። ጂፒኤልም ያንኑ ቃል በቃል ማለት ይቻላል ይላል፤ «በእኔ» ሲል ግን ራሱን ነው። ከሁለቱ የተወለደ ልጅ ሁለት አባት በአንድ ጊዜ «የእኔ ብቻ ነው» የሚሉት ልጅ ይሆናል።

ይሄን ለዳኛው ለማስረዳት ስልክ ደወልኩ። እሳቸው ከመሥሪያ ቤት ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ደንብ ማንበብ የሚወዱ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ቁጥሩንና ፊደሉን መቀላቀል አንችልም» አልኳቸው።

«ለምን? ገንዘብ ይፈልጋሉ?»

«አይፈልጉም፤ ሁለቱም በነጻ ነው። ግን ሁለቱም የራሳቸው ደንብ አላቸው። ሁለቱም ከእኛ የወጣ ነገር በእኛ ደንብ ብቻ ይተዳደር ነው የሚሉት።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ። «ልጄ፣ ይሄማ የእኛው ጉዳይ ነው» አሉኝ።

እንዲህ ነው ነገሩ። ከካዛንቺስ ሌላም እድር እሳቸው ወዳሉበት ሄዷል። ሁለቱም አባል ቀንሶባቸዋል፤ ሁለቱም አንድ እንሁን ብለው ተነጋግረዋል። የእሳቸው እድር መተዳደሪያ ደንብ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ሳህኑ በዚህ ደንብ ብቻ ይተዳደራል ይላል። የወዲያኛውም ደንብ እንደዚያው ይላል። ሁለቱም አንቀጽ የተጻፈው በክፋት አይደለም። አንድ ቀን ተንኮለኛ ኮሚቴ መጥቶ የደሃ ድንኳን እንዳይሸጥ ብለው አባቶች ያስቀመጡት ነው። አሁን ግን ያው አጥር ሁለቱን ደግ ሰዎች ለያያቸው።

«ታዲያ ለቅሶ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ለቅሶ ላይማ ችግር የለም። የእነሱን ድንኳን ከእኛ ድንኳን ጎን እንተክላለን። ሰው አንዱ ውስጥ ይበላል፣ ሌላው ውስጥ ይቀመጣል። መስፋት ነው ያቃተን። ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍተን አንድ ትልቅ ድንኳን ማድረግ።»

ይሄን ልዩነት ለማስረዳት የሕግ ባለሙያዎች ብዙ ገጽ ጽፈዋል፤ እሳቸው በስልክ ጨረሱት። አፓችን ውስጥ ሁለቱን ፎንቶች ጎን ለጎን አስቀመጥን። ፊደል ሲመጣ ከአንዱ ይነበባል፣ ቁጥር ሲመጣ ከሌላው። እያንዳንዱ የራሱ ፋይል፣ የራሱ ላይሰንስ። ደረሰኙ ላይ ለሚያየው ሰው አንድ ነው። በሕግ ግን ሁለት ድንኳን ነው፤ አልተሰፋም። ጂፒኤልም ኦኤፍኤልም ይሄን ይፈቅዳሉ።

* * *

ይሄ ሁሉ ለምን ያንገበግበኛል? በእንግሊዝኛ ቢሆን ግድ አይሰጠኝም ነበር። አንዱ ፎንት ካልሆነ ሌላ ሺህ አለ። የእኛ ጎተራ ግን ትንሽ ናት። ስለዚህ ትንሿን ጎተራ በአጥር ስንከፍላት የሚቀረን እፍኝ ነው።

ታሪኩን ተመልከቱ። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብርሃኑ በየነ፣ ማንፍሬድ ኩድሌክ፣ ኦላፍ ኩመርና ዮኬን ሜትዚንገር አማርኛን በላቴክ ለመጻፍ የሚያስችል ፎንት ሠርተው በጂፒኤል ለቀቁት። ግኑ ፍሪፎንት የሚባለውም ጂፒኤል ስለነበረ ከዚያ ሥራ ወስዶ ፍሪሴሪፍ የሚለው ፎንቱ ውስጥ የግዕዝ ፊደል አስገባ። እነሆ፣ መስማማት ሲኖር የሚሆነው ይሄ ነው፤ የአንዱ ላብ ሌላው ላይ ቀጠለ። የሰናምርምር ፕሮጀክት ዋሽራ ፎንቶችም በጂፒኤል በኩል ናቸው። በሌላ በኩል ደግሞ አቢሲኒካ ኤስአይኤል በኦኤፍኤል አለ። ጉግል ያወጣው ኖቶ በመጀመሪያ አፓቺ ነበረ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ኦኤፍኤል ዞረ። አፓቺ እያለ የወጣው የድሮው እትም ጂፒኤል 3 ውስጥ መሰፋት ይችል ነበር፤ አሁንም ይችላል፣ አንዴ የተሰጠ ፈቃድ አይነጠቅምና። አዲሱ እትም ግን ከወዲያኛው አጥር ሆኗል። እንግዲህ በነጻ ፎንት በኩል እንኳን ሁለት ሰፈር አለን፤ ጎረቤት ነን፣ ድንኳን እንዋዋሳለን፣ አንሰፋም።

ከፎንት ውጭም ያው ነው። ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የትግርኛ ቃላትን ከነቅጥያቸው የሚተነትን ፕሮግራም ነው፤ በጂፒኤል 3 ነው ያለው። በአማርኛ ላይ የሚሠራ ተማሪ ይሄን ቢወስድ፣ ከሱ ጋር የሚሰፋው ነገር ሁሉ ወደ ጂፒኤል 3 መፍሰስ የሚችል መሆን አለበት።

ደግነቱ አጥር ሲፈርስም ታይቷል። ዊኪፔዲያ ሲጀመር ለመመሪያ መጽሐፍ ተብሎ የተጻፈ ላይሰንስ ነበረው። ከክሪኤቲቭ ኮመንስ ጽሑፎች ጋር መቀላቀል አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 የላይሰንሱ ባለቤቶች አዲስ እትም አውጥተው እስከ ነሐሴ 2009 ብቻ የሚከፈት በር ሠሩ። የዊኪፔዲያ ሰዎች ድምጽ ሰጡ፣ በዚያ በር አለፉ። አማርኛው ዊኪፔዲያም አብሮ አለፈ። በ2015 ደግሞ ሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0 የሚባለው የጽሑፍ ላይሰንስ ወደ ጂፒኤል 3 እንዲፈስ ተፈቀደ። እዚህም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ። ይቺን የመጨረሻዋን ነገር አስታውሷት፤ በኋላ እኛን አድናናለች።

* * *

ለስም ፍለጋው አንድ ዝርዝር ነበር። በአማርኛ ስም መፈለግ ቀላል አይደለም። ጸሐፊው «ፀሐይ» ብሎ የመዘገበውን ገንዘብ ያዡ «ጸሀይ» ብሎ ይፈልጋል። «ወልደማርያም»፣ «ወልደ ማርያም»፣ «ወ/ማርያም» አንድ ሰው ነው። አንድ ውጭ አገር የሚያስተምሩ ኢትዮጵያዊ ብዙ ሺህ ስሞችን ከነአጻጻፍ ልዩነታቸው ሰብስበው ኢንተርኔት ላይ አስቀምጠዋል። ከታች ግን «ለንግድ ላልሆነ አገልግሎት ብቻ» ይላል።

ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ «እኛ እድር ነን፣ ነጋዴ አይደለንም» ብሎ ያልፋል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። አፑ በጂፒኤል 3 ነው የሚወጣው። ጂፒኤል ለማንም ሰው «መሸጥ ትችያለሽ» ብሎ ቃል ይሰጣል። ዝርዝሩ ፕሮግራሙ ውስጥ ከተሰፋ እኛ ያልተሰጠንን መብት ለሌላ ሰው ልንሰጥ ነው። ደግሞ «ንግድ» ማለት ምንድን ነው? እድሩ በየዓመቱ ለጥገና ትንሽ ቢከፍለን ንግድ ነው? ነገ ገንዘብ ያዡ የሰፈሩን ልጅ ቀጥሮ ቢያሠራው? የክፍት ምንጭ መስፈርት ራሱ የአጠቃቀም ዓይነት መለየትን የማይቀበለው በዚህ ነው።

ለዶክተሩ ጻፍኩላቸው። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ደወሉ።

«እኔ እኮ አልከለከልኩም፤ ለእናንተ በግል እፈቅዳለሁ» አሉኝ።

«ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ለእኛ ብቻ ከሆነ ከእኛ የሚወስደው ሰው ይቸገራል። ሌላ እድር፣ ሌላ ተማሪ…»

«አየሽ፣ የፈራሁት አለ» አሉ። «አራት ክረምት ነው የፈጀብኝ። አንድ ትልቅ ድርጅት መጥቶ ይወስደዋል፣ የራሱ አድርጎ ይዘጋዋል፣ እኛኑ መልሶ ይሸጥልናል። አላየንም እንዴ?»

አይተናል፤ ይሄን መካድ አልቻልኩም። ፍርሃታቸው የተንኮለኛ ኮሚቴ ፍርሃት ነው፤ የድንኳኑ አንቀጽ። ልከራከራቸው አልፈለግኩም። ያልኳቸው ይሄን ብቻ ነው። የሚያስፈራዎት መሸጡ ነው ወይስ መዝጋቱ? መዝጋቱ ከሆነ፣ መዝጋትን ብቻ የሚከለክል ላይሰንስ አለ። ሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0፤ ወስዶ አሻሽሎ ያወጣ ሰው በዚያው ላይሰንስ ማውጣት አለበት፣ ስምዎንም መጥራት አለበት። ወደ ጂፒኤል 3 ደግሞ ይፈሳል። እዚያም ቢሆን መዝጋት የለም።

«ላስብበት» አሉኝ። ሁለት ሳምንት አሰቡበት። እኛ በዚያ ሁለት ሳምንት አፑን ያለ ስም ፍለጋ ነው የሞከርነው፤ ገንዘብ ያዡ በየቀኑ ይደውልልኝ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት የዝርዝሩ የመጨረሻ መስመር ተቀይሮ አገኘሁት። ሲሲ ባይ ኤስኤ 4.0። ሌላ ምንም አልተጻፈም።

* * *

ባልደረባዬ የጠየቀኝን ጥያቄ እናንተም እየጠየቃችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ማን ይከሰናል? ካዛንቺስ ድረስ መጥቶ በአንድ ፎንት የሚከራከር ማነው?

እውነት ለመናገር እዚህ ከተማ ውስጥ ማንም ላይመጣ ይችላል። አዋጅ 410/1996 በዋናነት የሚጠብቀው የኢትዮጵያውያንን፣ እዚህ የሚኖሩ ሰዎችንና መጀመሪያ እዚህ የታተሙ ሥራዎችን ነው፤ አዋጁ ሲወጣ አገራችን የበርን ስምምነት አባል አልነበረችም። ግን አፑ የሚቀመጠው በውጭ ድርጅት መደብር ላይ ነው፤ አባሎቻችን በየአገሩ አሉ። የቪኤልሲን ነገር አይታችኋል፤ አንድ ደብዳቤ በቂ ነው።

ይሄን ሁሉ እንተወው፣ ማንም አይከስም እንበል። ታዲያ የዶክተሩን አራት ክረምት ምን ይጠብቀዋል? እኛ የሌላውን ላይሰንስ ሳናነብ የምንሰፋ ከሆነ፣ ነገ የእኛን ላይሰንስ ማን ያነባል? የሃምቡርጎቹ ሥራ ሌላ ፎንት ውስጥ የቀጠለው አንድ ሰው ላይሰንሱን አንብቦ «ይሄ ይገባል» ብሎ እርግጠኛ መሆን ስለቻለ ነው። ያልተነበበ ላይሰንስ ላይ የተሠራ ነገር ላይ ማንም ደፍሮ አይሠራበትም። ድጋፍ ሰጪው ሰንጠረዡን የጠየቀን ለዚሁ ነው።

ስለዚህ አማርኛ ላይ የምትሠሩ ልጆች፣ ልመናዬ ትንሽ ናት። ሥራችሁን ያለ ላይሰንስ አትጣሉት፤ ያለ ላይሰንስ ከሆነ ማንም አይነካውም፣ ቢነካውም በፍርሃት ነው። የራሳችሁን ላይሰንስ አትጻፉ፤ ከማንም ጋር አይሰፋም። «ለንግድ ያልሆነ» ከማለታችሁ በፊት የፈራችሁት መሸጡን ነው ወይስ መዝጋቱን ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ትንሽ መሣሪያ ከሆነ፣ ለምሳሌ ቀን ቀያሪ ወይም ፊደል አስተካካይ፣ ኤምአይቲ ወይም አፓቺ በሉት፤ ወደ ጂፒኤል 3 ይፈሳል። ሙሉ ፕሮግራም ከሆነና እንዳይዘጋባችሁ ከፈለጋችሁ ጂፒኤል 3። «ወይም ከዚያ በኋላ የሚወጣ» የምትለዋን አትርሷት።

እኛም እንደዚሁ አደረግን። ሀ፣ ሐ እና ኀን የምታስታርቀዋን ትንሽ ኮድ ለብቻ አውጥተን አፓቺ አልናት። አፑ ጂፒኤል 3 ሆነ። ባለቤቱ እድሩ ስለሆነ በጠቅላላ ጉባኤ ነው የጸደቀው፤ «የሰጠነው እንዳይዘጋ» የሚለውን ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

በዚያው ጉባኤ ላይ ዳኛው ሌላ አጀንዳ አስያዙ። የድንኳኑን አንቀጽ ለማሻሻል ነው። ረቂቁን ቀድመው ልከውልኝ ስለነበር አንብቤዋለሁ። የእድሩ ንብረት «በዚህ ደንብ፣ ወይም ጠቅላላ ጉባኤው ወደፊት በሚያጸድቀው የተሻሻለ ደንብ» ይተዳደራል ይላል። የወዲያኛው እድር ደንቡን እስኪያሻሽል እየጠበቁ ነው። እስከዚያ ድንኳኖቹ ጎን ለጎን ይተከላሉ።